የስንዴ ዕዳና የዳቦ ውለታ

ካትኒስ ኤቨርዲን ዕድሜዋ 16 ነው። ስሟ ግን ዕጣ በሚወጣበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ 20 ጊዜ ተጽፎ ገብቷል። የአደን ጓደኛዋ ጌል ሆቶርን 18 ዓመቱ ነው፤ የእሱ ስም 42 ጊዜ ገብቷል። ደራሲዋ ሱዛን ኮሊንስ እነዚህን ቁጥሮች በ«ዘ ሃንገር ጌምስ» መጀመሪያ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርጋቸው ታልፋለች። አብዛኛው አንባቢም አብሯት ያልፋል፤ ከፊቱ ቀስት፣ ደምና ፍቅር እየጠበቀው ቁጭ ብሎ ቁጥር የሚደምር የለም። እኔ ግን መደመሩን እመርጣለሁ። የልቦለዱ ቁልፍ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ የእኛ ዘመን አልፎ፣ ሰሜን አሜሪካ ፈርሳ፣ በፍርስራሿ ላይ ፓኔም የምትባል አገር ቆማለች። ካፒቶል የሚባል የተንደላቀቀ ዋና ከተማ አላት፤ በሥሩም 12 ወረዳዎች አሉ። አንዱ ወረዳ ከሰል ይቆፍራል፣ አንዱ እህል ያመርታል፣ አንዱ ጨርቅ ይሠራል፤ ምርቱ ሁሉ ተጭኖ ወደ ካፒቶል ይሄዳል። ወረዳዎቹ ድሮ አምፀው ተሸንፈዋል። ለዚያ መቀጫ እንዲሆን በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ወረዳ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ይወሰዳሉ። 24ቱ ልጆች አንድ ሜዳ ውስጥ ገብተው አንድ ብቻ እስኪቀር ይገዳደላሉ። ፍልሚያው በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ማየቱም ግዴታ ነው። ዕጣው የሚወጣበትን ቀን «አጨዳ» ይሉታል።

ዕጣው ላይ ላዩን ሲያዩት ለሁሉም እኩል ነው። ልጁ 12 ሲሞላው ስሙ 1 ጊዜ ይገባል፣ በ13 ዓመቱ 2 ይሆናል፣ እንዲህ እያለ በ18 ዓመቱ 7 ይደርሳል። ለድሃ ልጅ ግን ሌላ በር ተከፍቶለታል። ስሙን አንድ ጊዜ ጨምሮ ካስመዘገበ፣ ለአንድ ሰው ለዓመት የሚሆን ጥቂት እህልና ዘይት ይሰፈርለታል። ይህ ቴሴራ ይባላል። ለራሱም፣ ለእናቱም፣ ለእህት ወንድሞቹም መውሰድ ይችላል፤ የተጨመረው ስም ግን አይሰረዝም፣ ከዓመት ዓመት እየተደመረ ይሄዳል። ካትኒስ ለሦስት ነፍስ ለአምስት ዓመት ወስዳለች፦ 15 የእህል፣ 5 የግዴታ፣ በድምሩ 20። ጌል ለአምስት ቤተሰብ ለሰባት ዓመት፦ 35 ሲደመር 7፣ 42። ኮሊንስ ድምሩን ዘርዝራ አታሳየንም፤ ወረቀት አውጥቶ ላሰላው ግን ልክ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የልደት ቀኑ ነገር ነው። የካትኒስ አባት በከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ሲሞት እሷ 11 ዓመቷ ነበር። እናቷ በሐዘን ብዛት ከሰውነት ተራ ወጣች፤ ትንሿ እህቷ ፕሪም ገና ሕፃን ናት። መንግሥት ለሟች ቤተሰብ የሰጠው ካሳ የአንድ ወር ቀለብ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። ልጅቱ 12 ዓመት የሚሞላትን ቀን ሌት ተቀን ትጠብቃለች፤ ያን ቀን ስሟን ለሞት ዕጣ አስመዝግባ እህል መቀበል ትችላለችና። ማንም አላስገደዳትም። ራሷ ሄዳ ነው የምትፈርመው። ጨቋኝ ሥርዓትን የሚስሉ ልቦለዶች ሰላዩን፣ ገራፊውንና እስር ቤቱን አሳይተውናል። የራበው ልጅ በገዛ እግሩ ሄዶ ለመሞት ተሰልፎ የሚፈርምበትን መዝገብ በዚህ ጥራት ያሳዩን ግን ጥቂት ናቸው።

በደርግ ዘመን የራሽን ካርድ ይዞ ከቀበሌ ሱቅ ደጃፍ የተሰለፈ፣ ጎረምሳ ልጁን ከአፈሳ የሸሸገ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ኮሊንስ ያደረገችው ራሽኑንና አፈሳውን በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው።

መዝገቡ ደግሞ ሌላም ሥራ ይሠራል። በአጨዳው ዕለት ጠዋት ካትኒስና ጌል የለቀሙትን እንጆሪ ሊሸጡ ወደ ከንቲባው ቤት ይሄዳሉ። የከንቲባው ልጅ ማጅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ በሩን ትከፍትላቸዋለች። ጌል በነገር ይነክሳታል፤ የአንቺ ስም ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው፣ እኔ ገና በ12 ዓመቴ ስድስት ነበርኩ ይላታል። ማጅ ምን አጠፋች? ምንም። ጌልም ይህን ያውቃል። ጫካ ውስጥ ሲሆኑ ቴሴራ የተፈለሰፈው የራበው ራት የማያጣውን እንዲጠላ ነው እያለ የሚፎክረው ራሱ ነው። እያወቀም ይጠላታል። ሥርዓቱ የሚያሸንፈው እንዲህ ነው፤ ተንኮሉን የነቃበትን ሰው ሳይቀር ይሠራበታል።

ኮሊንስ ይህን ከየት አመጣችው? አባቷ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ነበር። እሷ ትንሽ ልጅ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1968 ቬትናም ዘምቷል፤ የታሪክ ሰውም ስለነበር ልጆቹን የጦርነት ሜዳዎች እያስጎበኘ፣ ለምን እንደተዋጉና ምን እንደከፈሉ እየነገረ አሳድጓቸዋል። አባቷ የዘመተበትን ያን ዓመት ኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የሕፃናት መጽሐፍ ጽፋዋለች። የፓኔምን ታሪክ ያገኘሁት አንድ ምሽት ቴሌቪዥን እየቀያየርኩ ነው ትላለች፤ በአንዱ ጣቢያ ወጣቶች ለሽልማት ይወዳደራሉ፣ በሌላው የኢራቅ ጦርነት ይታያል፣ ሁለቱ ዓይኗ ላይ ተቀላቀሉ። ከዚህ በፊት ለልጆች ቴሌቪዥን ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ካሜራ ምን እንደሚወድ ታውቃለች። የቀርጤስ ንጉሥ ከአቴና 7 ወንድና 7 ሴት ልጆች ግብር እየተቀበለ ለአውሬው ያቀርብ እንደነበር የሚተርከው የግሪክ አፈ ታሪክም አለበት። ሮም ደግሞ በየገጹ ናት። የካፒቶል ሰዎች ስማቸው ሴኔካ፣ ቄሳር፣ ፕሉታርክ ነው፤ ቴሴራም ሮማውያን እህል ለመቀበል ይይዙት ከነበረው ምልክት የተወሰደ ነው።

እስከዚህ ያየነው የመንግሥትን መዝገብ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ መዝገብ አለ፤ ማንም የማይጽፈው፣ ሁሉም የሚያስታውሰው። የውለታ መዝገብ።

ፕሪም በተራበችበት፣ እናት በደነዘዘችበት በዚያ ሰሞን ካትኒስ የፕሪምን የሕፃንነት ልብስ ልትሸጥ ገበያ ወጣች። የሚገዛት አጣች። ዝናብ እየወረደባት ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ያለውን የቆሻሻ በርሜል ከፍታ አየች፤ ባዶ ነው። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ወጥታ ሰደበቻት። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ግርግር ተሰማና አንድ ልጅ ሁለት ያረሩ ዳቦዎች ይዞ ወጣ፤ ጉንጩ ላይ የምት ሰንበር አለ። እናቱ ለአሳማው ጣልለት ብላዋለች። ልጁ ዞር ብሎ እናቱ አለማየቷን አረጋገጠና ዳቦዎቹን ለካትኒስ ወረወረላት። ፒታ ሜላርክ ነው። ሆን ብሎ እንዳሳረራቸው፣ ለዚያም እንደተመታ የገባት ኋላ ነው። ለዓመታት አላመሰገነችውም፤ እንዴት ብላ ታመስግነው? ከዚያ በአጨዳው ቀን የፒታ ስም ከዕቃው ሲወጣ ካትኒስ በመጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነው፦ ባለውለታዬን ልገድለው ልሄድ ነው።

እሷ ራሷ ዕጣ አልወጣባትም። የ20ዎቹ ስሞች ሒሳብ ተርፏታል። የወጣው ከሺዎች መሃል አንድ ጊዜ ብቻ የገባው የፕሪም ስም ነው። ካትኒስ ወጥታ በእህቷ ቦታ ቆመች። ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ታዘዘ፤ አላጨበጨበም። የግራ እጁን ሦስት ጣቶች ወደ ከንፈሩ ወስዶ ወደ እሷ ዘረጋ። ይህ በወረዳ 12 የቆየ፣ አልፎ አልፎ በቀብር ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ምስጋና፣ አክብሮትና ለሚወዱት ሰው ስንብት ነው። በኋላ ዓለም ይህን ጣት ምን እንዳደረገው እንመለስበታለን።

በፍልሚያው ሜዳ ውስጥ ካትኒስ ከወረዳ 11 ከመጣችው ከ12 ዓመቷ ሩ ጋር ተባበረች። ወረዳ 11 የእህል አገር ነው። ያ ሁሉ አዝመራ በእጃቸው እያለፈ ከሰብሉ የበላ ሰው በአደባባይ ይገረፋል። ሩ ይህን የምትናገረው እንደ ተራ ነገር፣ የወፍ እግር እየጋጠች ነው። ስትገደል ካትኒስ ዘፈነችላት፤ ሬሳዋንም በአበባ አስጌጠች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሰማይ የብር ቀለም ያለው ፓራሹት ወረደ። ስፖንሰሮች ለተፋላሚዎች ስጦታ የሚልኩት በዚህ ነው። ውስጡ ፍሬ የተበተነበት፣ ጠቆር ያለ፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ዳቦ አለ። የወረዳ 11 ዳቦ ነው። እህል እያመረተ የሚራብ ሕዝብ ካለችው ላይ አዋጥቶ፣ ምናልባት ለሩ ብሎ ያሰበውን፣ የሌላ ወረዳ ልጅ ላይ አዋለው። አንድ ወረዳ ለሌላ ወረዳ ተፋላሚ ስጦታ ሲልክ ካትኒስ ሰምታ አታውቅም። እኔን ብትጠይቁኝ የሦስቱ መጻሕፍት ትልቁ ገጽ ይህ ነው። በሰዉ መካከል ጥላቻ እንዲዘራ የተሠራው የእህል መዝገብ በአንድ ዳቦ ተሰረዘ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፊልም ይህን ዳቦ ጣለው። በእሱ ፈንታ የሩ ሞት በታየ ጊዜ ወረዳ 11 ሲነድ፣ ሕዝቡ ሰላም አስከባሪ ከሚባሉት የካፒቶል ወታደሮች ጋር ሲደባደብ አሳየን። ለሲኒማ ዓይን ይሞላል፤ እሱን አልክድም። ግን የተለየ ታሪክ ነው። ፊልሙ የሚያውቀው ዓመፅ የሚጮኽ፣ የሚሰብርና የሚያቃጥል ነው። መጽሐፉ ደግሞ ዓመፅ የተጀመረው የራባቸው ሰዎች ለማያውቋት ልጅ ዳቦ በከፈሉ ዕለት ነው ይላል። (ሩን የተጫወተችው ልጅ ጥቁር በመሆኗ የተናደዱ ተመልካቾችም ነበሩ። መጽሐፉ ቆዳዋ ጠቆር ያለ ቡናማ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ገርፈው የሚያሠሩ የእርሻ ወረዳዎች ከየትኛው የአሜሪካ ታሪክ እንደመጡም ላልገባው ሰው ምን ይባላል።)

ውለታው አላበቃም። ከሩ ወረዳ የመጣው ግዙፉ ትሬሽ ካትኒስን ሊገድላት ሲችል ለሩ ያደረገችውን ሰምቶ አንድ ጊዜ ማራት። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ዕዳ የለብኝም አላት። ይህን ንግግር ካትኒስ ወዲያው ገባት፣ ፒታ ግን አልገባውም። ፒታ ባለዳቦ ቤት ልጅ ነው። በረሃብ ያላደገ ሰው ውለታን እንዲህ በስስት አይቆጥርም።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ዓመፀኛ የሚላት ማን ነው? በየመጽሐፍ መሸጫው፣ በየፊልም ማስታወቂያው የተለጠፈላት ስም እሱ ነው። እሷ ግን ስለ ነፃነት አትሰብክም፤ ፖለቲካ ሲነሳ ዝም ትላለች። የአጥሩን ሽቦ አልፋ ጫካ የምትገባው ሥርዓቱን ልትገለብጥ አይደለም፤ ጥንቸል ልትገድል ነው። የገደለችውንም ከሚገዟት አንዱ የሰላም አስከባሪዎቹ አለቃ ነው። በፍልሚያው መጨረሻ እሷና ፒታ መርዛማውን ፍሬ አብረው ሊበሉ ሲሉ አዘጋጆቹ ደንግጠው ሁለቱንም አሸናፊ አሏቸው። ይህን ያደረገችው በፍቅር ነው? በቁጣ? ወይስ አዘጋጆቹ አሸናፊ ማጣትን እንደሚፈሩ አስልታ? ራሷም አታውቀውም፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ሁሉ ይህን ስትፈትሽ ትኖራለች። ፕሬዚዳንት ስኖው ግን መልሱ ግድ አይሰጠውም። ቤቷ ድረስ መጥቶ የሚነግራት ወረዳዎቹ ድርጊቱን እንደ ዓመፅ እንዳዩት ነው፤ ለእሱ ያ ይበቃል። ዓመፀኛ ያደረጓት ሌሎች ናቸው፦ መጀመሪያ የፈራት መንግሥት፣ ቀጥሎ የፈለጋት ተቃዋሚ።

በሁለተኛው መጽሐፍ «ካቺንግ ፋየር» ውስጥም የሚንቀሳቀሰው ዳቦ ነው። ካትኒስ ለአሸናፊነት ጉብኝት ወረዳ 11 ስትሄድ በመድረክ ላይ ስለ ዳቦው ታመሰግናለች። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ የሩን ዜማ ያፏጫል፣ ሁሉም ሦስት ጣቱን ያነሳል፣ ሽማግሌው ወዲያው ይገደላል። ካፒቶል ስትደርስ ደግሞ ግብዣው ላይ ሰዎች የሚያስመልስ መጠጥ እየጠጡ፣ የበሉትን አውጥተው እንደገና ይበላሉ። ከወረዳ 8 የሸሹ ሁለት ሴቶች የወፍ ምስል የታተመበት ቂጣ ያሳዩዋታል፤ የዓመፁ ደጋፊዎች መታወቂያ ሆኗል። ካትኒስ እንደገና በገባችበት በሁለተኛው ፍልሚያ ላይም ከውጭ የሚላከው ዳቦ ምሥጢራዊ መልእክት ነበር፦ የመጣበት ወረዳ ቁጥር ቀኑን፣ የዳቦዎቹ ብዛት ሰዓቱን ይናገራል። 24 ዳቦ ከወረዳ 3 ከመጣ፣ ማምለጫው በሦስተኛው ቀን በ24ኛው ሰዓት ነው። አንባቢም ካትኒስም ይህን የሚያውቁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ብልሃት የትሪለር ጸሐፊዎችን ያስቀናል።

እስከዚህ ድረስ ደራሲዋ ከሕዝቡ ጋር ናት። በሦስተኛው መጽሐፍ «ሞኪንግጄይ» ግን ብዙዎች ያልጠበቁትን አደረገች፤ መዝገቡን ወደ ነፃ አውጪዎቹ ቤት ወሰደችው። ጠፍቷል ሲባል የኖረው ወረዳ 13 ከመሬት በታች ይኖር ኖሯል። መሪዋ ኮይን ትባላለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ልብስ ይለብሳል፤ የቀን ፕሮግራሙ ጠዋት ጠዋት ክንዱ ላይ በቀለም ይታተምበታል። ምግብ ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ ይሰጣል፤ ከመመገቢያው ይዞ መውጣት ክልክል ነው። መቼም ለጦርነት የተዘጋጀ፣ የተከበበ ሕዝብ ነው፣ ቁጠባው ይገባል። ከዚያ ካትኒስ አንድ በር ከፍታ ስትገባ በካፒቶል ያስጌጧት የነበሩትን ሦስት ሰዎች በሰንሰለት ታስረው፣ ተደብድበው ታገኛቸዋለች። ጥፋታቸው ዳቦ መስረቃቸው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይላል። የዳቦ ስርቆት! በወረዳ 11 ከአዝመራው ለበላ ጅራፍ ነበር፤ በነፃ አውጪዎቹ ዘንድ ዳቦ ለወሰደ ሰንሰለት። ካትኒስ ተቆጣች፤ ጌል ግን ለምን እንደምታዝንላቸው አልገባውም። ከጌል ስንለያይ እንዲህ ሆኖ ነው የምናየው። በ12 ዓመቱ ስድስት ስም ያስገባው፣ ማጅን በነጭ ቀሚሷ የጠላት ልጅ አድጎ አሁን ቦምብ ይነድፋል። ከነደፋቸው አንዱ ሁለት ጊዜ የሚፈነዳ ነው፦ አንዱ ይፈነዳል፣ ለቁስለኞቹ የሚያዝን ሰው ሁሉ ይሮጣል፣ ያኔ ሁለተኛው ይፈነዳል። የርኅራኄን ሩጫ ወጥመድ ያደረገ መሣሪያ ነው።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል በካፒቶል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ልጆች ታጉረዋል። ከላይ የብር ፓራሹቶች ወረዱ። ልጆቹ እጃቸውን ዘረጉ፤ በፓኔም የብር ፓራሹት ማለት ስጦታ መሆኑን የማያውቅ ልጅ የለም። የወረዳ 11 ዳቦ የወረደው በዚያው ነበር። ፓራሹቶቹ ፈነዱ። የሕክምና ሠራተኞች ሮጡ፤ ከእነሱ አንዷ ፕሪም ነበረች። ሁለተኛው ዙር ያኔ ፈነዳ። ማን ጣለው? ስኖው ኮይን ናት ይላል፤ ጌልም የእኔ ንድፍ አይደለም ብሎ መማል አልቻለም። ከድሉ በኋላ ኮይን በካፒቶል ልጆች ላይ አንድ የመጨረሻ ፍልሚያ ይደረግ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ካትኒስ ስኖውን እንድትገድል ቀስት ተሰጥቷት ሕዝብ ፊት ቆመች። የወረወረችው ግን ኮይን ላይ ነው። በሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳያለብሳት፣ አስባበት የፈጸመችው የፖለቲካ ድርጊት ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ፒታ ወይስ ጌል የሚለው ጉዳይ ከሚገባው በላይ ገጽ ይበላል፤ በተለይ ሁለተኛው መጽሐፍ አጋማሽ ላይ ሰው ሊሞት እየተዘጋጀ የመሳም ሒሳብ ይያዛል። 74 ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ልጆቹን የሚሰጥ አገር ሃይማኖት የለውም፤ አንድም ሰው አይጸልይም፣ አንድም አይረግምም። እንዲህ ያለ ሕዝብ ማሰብ ለእኛ አገር አንባቢ በተለይ ይከብዳል። የ«ሞኪንግጄይ» የመጨረሻ ምዕራፎችም ይጣደፋሉ፤ የፕሪም ሞት በጥቂት መስመር ያልፋል፣ ይህ ግን ምናልባት ሆን ተብሎ ነው። በአማርኛ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ያነበበ ሰው፣ ገና ሳይወለድ ከዓለም ጋር የሚሟገተውን ልጅ ያስታውሳል። አቤ ልጁን ሙግት አስተማረው፤ ኮሊንስ ካትኒስን አደን አስተማረቻት። በንግግር ጥራት አቤ ይበልጣል። መራብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው በማሳየት ግን ኮሊንስ ታሳምነኛለች።

ከመጽሐፉ ውጭ የሆነው ነገር ራሱን የቻለ አስቂኝ ነው። ተከታታዩ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለተኛው ፊልም ሲወጣ ከቨርገርል የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የካፒቶልን ሴቶች የሚያስመስል የውበት ዕቃ ገበያ ላይ አዋለ። ሰብዌይ ደግሞ ሳንድዊቹን በፊልሙ ስም አስተዋወቀ። ስለ ራብ የተጻፈ ልቦለድ ሳንድዊች ሸጠ ማለት ነው። ካፒቶልን የጻፈች ሴት በዚህ የምትገረም አይመስለኝም።

በታይላንድ ሳንድዊች ሌላ ዕጣ ደረሰው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2014 ጦሩ ሥልጣን ሲይዝና ስብሰባ ሲከለክል፣ ባንኮክ ውስጥ ወጣቶች በአደባባይ ሳንድዊች በመብላት መቃወም ጀመሩ፤ በዚህም የታሰሩ ነበሩ። ሦስት ጣት ማንሳትም ተጀመረ፤ ጦሩ እሱንም ከለከለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኮን ካየን በምትባል ከተማ አምስት ተማሪዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ በጄኔራል ፕራዩት ፊት ሦስት ጣታቸውን አንስተው ተያዙ። ሦስተኛው ፊልም በወጣበት ሰሞን አንድ የባንኮክ ሲኒማ ኩባንያ ትርዒቱን ሰረዘ። በማያንማር እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ምልክቱን ቀድመው ካነሱት መካከል የሕክምና ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ወር በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የማያንማር አምባሳደር ቾ ሞ ቱን ንግግሩን ሲጨርስ ሦስት ጣቱን አነሳ፤ በማግሥቱ ከሥራ ተሰናበተ። የታዘዘ ጭብጨባን እምቢ ብሎ የተዘረጋው የወረዳ 12 የሐዘንተኞች እጅ ያንጎንና ኒው ዮርክ ደረሰ። በተገደሉ ሰልፈኞች ቀብር ላይም ይነሳ ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከመጣበት ቦታ ማለት ነው።

በገዛ አገሯ በአሜሪካ ደግሞ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይውጣልን ከተባሉት ተርታ ገብቷል፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ለ2010፣ ለ2011 እና ለ2013 ባወጣቸው ዝርዝሮች ላይ አለ። ከተሰጡት ምክንያቶች መካከል ፀረ ቤተሰብ ነው የሚልና ሰይጣናዊ ነው የሚል ይገኝበታል። ለእህቷ ብላ ልትሞት የወጣች ልጅ ታሪክ ፀረ ቤተሰብ ከተባለ ወላጆቹ መጽሐፉን ስለማንበባቸው እጠራጠራለሁ። ለ12 ዓመት ልጅ ይሰጣል ወይ ለሚለኝ፣ የመጀመሪያው አዎን፤ ሦስተኛው ትንሽ ይቆይ።

ብዙዎች የሚያማርሩት ማብቂያውን ነው። ያቺ ተዋጊ አግብታ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ቅዠት እያባነናት ትኖራለች፤ መሪ አልሆነችም፣ ሐውልት አልቆመላትም። ለዓመፀኛ ጀግና የማይገባ ፍጻሜ ነው ይላሉ። ውለታ ቆጣሪ ሆና ላያት ግን ሌላ ፍጻሜ አይሆንላትም። መጥፎው ቀን ሲመጣባት የምታደርገው አንድ ነገር አላት፤ ሰዎች ሲያደርጉ ያየችውን ደግ ነገር ሁሉ በአእምሮዋ ትዘረዝራለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ደጋግማዋለች፣ አንዳንዴም እንደሚሰለቻት አትደብቅም። ፒታ፣ ሩ፣ ትሬሽ፣ የወረዳ 11 ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ እንዳሉ ደራሲዋ አትነግረንም። መጻሕፍቱን የጨረሰ አንባቢ ራሱ ያስገባቸዋል።